ከምስማሩ ያወረድኩት ጉንጉን

በዚህ ሰኔ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የልጅ ልጄ ሊዲያ ከፍሪሞንት ስትመለስ ራሷ ላይ የአበባና የቅጠል ጉንጉን ደፍታ፣ ክንዶቿን እስከ ትከሻዋ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ገባች። ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ሰሞን ፍሪሞንት ሰፈር ሰዉ ወጥቶ በዓል ያደርጋል። ከበሮ ይመታል፤ ረጃጅም የእንጨት እግር አስረው የሚሄዱ አሉ፤ ጨርቅ የሚባል ነገር ሳይነካቸው ቀለም ብቻ ተቀብተው ብስክሌት የሚነዱም አሉ። እኔ ከዓመታት በፊት በአውቶቡስ በዚያ ሳልፍ ሳላስበው አይቻቸው፣ እስክወርድ ድረስ ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አላነሳሁም። ሊዲያስ፣ ተመስገን፣ ለብሳ ነው የመጣችው።

የምንኖረው ስካይዌይ ሰፈር ነው፤ እኔ፣ ልጄ አስቴርና ሊዲያ። አስቴር ወጥ ቤት ውስጥ ሆና አየቻትና፣

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለቻት።

«ሶልስቲስ ነዋ፣ ማሚ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ጣዖት ማምለክ አይደለም ወይ?»

«ፔጋን ነው። ሶ?»

«ሶ ትለኛለች! መጀመሪያ ያንን ቀለም ሶፋዬ ላይ ሳታስነኪ ታጠቢ፤ ከዚያ ፀሐይንም አምልኪ ጨረቃንም አምልኪ።»

ሊዲያ እየሳቀች ወደ እኔ ክፍል መጣች። እናቷ ከተቆጣች ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው የምትመጣው። ጉንጉኑን አወለቀችና፣ «እማማ፣ ካን አይ ሃንግ ኢት ሂር?» ብላ መልሴን ሳትጠብቅ የቤተ ክርስቲያን ካላንደሬ የተሰቀለበት ምስማር ላይ ደርባ አንጠለጠለችው። ከአልጋዬ ራስጌ መሆኑ ነው። ገና እየጠወለገ ነበርና የተቀጠፈ ቅጠል ሽታው ክፍሉን ሞላው። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም፤ ግን በእኔ ዕድሜ ሰው በተጠየቀ ቁጥር እውነቱን አይመልስም።

ያ ሽታ የወሰደኝ ኤርፖርቱ ሥር ወዳለው ቡሪየን ነው። እዚህ አገር ስንመጣ መጀመሪያ የኖርነው እዚያ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከጣሪያችን በላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይንቀጫቀጫል፤ የሰፈሩ ሰው እስኪያልፉ ወሬውን አቋርጦ፣ ካቆመበት ቃል ይቀጥል ነበር። አስቴር ሃይስኩል ትማራለች። ባለቤቴን አዲስ አበባ ቀብሬ ነው የመጣሁት። እሱ በሞተ በአርባኛው ቀን ልብሱን፣ ጫማውን፣ የንባብ መነጽሩን ሳይቀር ለነዳያን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ዘመዶቼ ጨካኝ አሉኝ። እኔ ግን የሞተ ሰው ዕቃ ዓይን ላይ ሲቆም አይሆንልኝም፤ ባዶ መደርደሪያ ያሳርፈኝ ነበር። ይሄን የምናገረው በኋላ ለሆነው ነገር ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። እንዲያው ምን ዓይነት ሴት እንደነበርኩ እንዲታወቅ ነው።

በዚያ ዘመን ለሥራ የምለብሰው ሱሪ ጥቁር፣ እንደ ወታደር ልብስ መስመር የወጣለት ነበር። ነጭ ሸራ ጫማ፣ እንደ ትራስ የተነፋ ወይን ጠጅ ጃኬት፣ ከሥሩ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ሹራብ። የአውቶቡሱ ዋጋ አንድ ዶላር ከምናምን ነው፤ ሾፌሩ ለሚቀጥለው አውቶቡስ የሚሰጠንን ቀጭን ወረቀት እንዳይጠፋብን ጓንታችን ውስጥ እንከተዋለን። ወደ አገር ቤት ለመደወል በሳንቲም የሚፋቅ ካርድ ይገዛል፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ አንዲት ሴት በመሃል ገብታ አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል ትላለች። በበጋ መንገድ ዳር እንጆሪ በትሪ ይሸጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤታችን ካሴት ያስጮሃል፤ እኛ ልጆች ሆነን የሰማናቸው ዘፈኖች ናቸው፤ እሱ መኪናውን እያጠበ ይዘፍናል፣ እኛ ልብስ እያሰጣን እንሰማለን። ያ ጊዜ ደግ ነበር አልልም። ግን እጄ ገና ጠንካራ ነበር።

ሥራውን ያገኘችልኝ ብርቄ ናት። ብርቄ ኤርፖርት የአውሮፕላን ወንበር የምታጸዳ፣ አፏ የማያርፍ የልብ ጓደኛዬ ነበረች፤ ነፍሷን ይማረው። አንዲት አሮጊት ዳሌያቸውን ታመው ረዳት ይፈልጋሉ አለችኝና ሄድኩ። ቤቱ ከባሕሩ በላይ ተዳፋት ላይ ነው፤ ከጓሮው ሰባ ያህል የእንጨት ደረጃ ወርዶ ድንጋያማው ባሕር ዳር ይደረሳል። አሮጊቷ ቪልማ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ የእጃቸው መገጣጠሚያ ሁሉ ያበጠ ሴት ነበሩ። በልጅነታቸው ከጦርነት ሸሽተው በመርከብ የመጡ ናቸው፤ አገራቸው ላትቪያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ካርታ ዘርግተው አገሬን ጠየቁኝ፤ ጣቴን ከማሳረፌ በፊት አገኙት። የእሳቸውን እኔ ፈልጌ አጣሁት። በእርሳስ ያሰመሩበትን ቦታ አሳዩኝ፣ የጥፍር ያህል ነው። ባላቸው ካርሊስ የሞቱት ከመምጣቴ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ሁለታችንም ባል የሞተብን፣ ሁለታችንም በተዋስነው እንግሊዝኛ የምንናገር ነበርን፤ ስለዚህ ብዙ አንነጋገርም። ተስማማን። እሳቸው ሬዲዮ ይሰማሉ፣ እኔ እጠርጋለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አቀርባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩትም። ከአልጋቸው ራስጌ፣ ምስማር ላይ፣ የደረቀ የቅጠል ጉንጉን ተሰቅሏል። ኦክ ከሚሉት ዛፍ የተቀጠፈ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል፤ አቧራ ጠጥቷል፤ አልጋ ባነጠፍኩ ቁጥር ትራሱ ላይ ብናኝ ይረግፋል። የታሰረበት ክር አረንጓዴ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ማሰር የማይችል ሰው እንዳሰረው ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ሆኗል። ለብርቄ ነገርኳት።

«አልጋቸው ራስጌ?» አለች።

«ራስጌ።»

«ደረቅ ቅጠል?»

«ደረቅ ቅጠል። በክር የታሰረ።»

«በስማም! በክር ከታሰረማ አለቀ። መተት ነው። አንቺ ሴትዮ፣ ተበልተሻል። ሰሞኑን ጉልበቴን አመመኝ አላልሽኝም?»

«ጉልበቴን ያመመኝ አውቶቡስ ስጠብቅ ቆሜ ነው።»

«እሱ ነዋ የሚያስቆምሽ!»

ሳቅን። ቢሆንም በማግስቱ ያንን ክፍል ስገባ ማማተቤን አስታውሳለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነኝ፤ መተት አላምንም እል ነበር። አላምንም የምለው ነገር ግን እጄን ይከለክለኛል፤ አቧራውን ስወለውል እንኳ ዙሪያውን እንጂ እሱን አልነካውም።

ሚያዝያ ላይ ቪልማ ለዳሌያቸው ሆስፒታል ተኝተው ዐሥር ቀን ቆዩ። የወንድማቸው ልጅ ደውሎ «ረቡዕ ይመለሳሉ፣ ቤቱን በደንብ አጽጂላቸው» አለኝ። አጸዳሁ። መጋረጃ አወረድኩ፣ ምንጣፍ አራገፍኩ፣ መስኮት በጋዜጣ ወለወልኩ። መጨረሻ ላይ ያ ጉንጉን ቀረ። የማደርገውን እያወቅኩ፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አድርጌ፣ በስመ አብ ብዬ አወረድኩት። እጄ ላይ ግማሹ ረገፈ። ከቤቱ ጎን፣ ሣርና ቅጠል የሚጣልበት ባለጎማ በርሜል ውስጥ ጨመርኩት። ክፍሉ በራልኝ። የበጎ ሥራ ያህል ነበር የተሰማኝ። ግድግዳው ላይ ግን ጉንጉኑ የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ፣ ከዙሪያው ነጣ ብሎ ቀረ። ብፈትገውም አልጠፋም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቪልማ መጡ። ቀስ ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ እኔ ሻንጣቸውን ይዤ ከኋላ ነኝ። በሩ ላይ ቆሙ።

«የሺ፣ ጉንጉኑ የት ሄደ?» አሉኝ።

ያኔ እውነቱን መናገር ቀላል ነበር። በርሜሉ ከግድግዳው ማዶ ነው። የቆሻሻ መኪናው የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ጉንጉኑም ከላይ ነው ያለው፤ እጅ ሰዶ ማውጣት ብቻ ነበር። ማውጣት ግን እኔ ጣልኩት ማለት ነው።

«መስኮት ስከፍት ንፋስ ጣለው። ተሰባበረ» አልኩ።

«ስብርባሪውስ?»

«ጠረግኩት።»

«ኦኬ» አሉ። ራት አቀረብኩላቸው፤ በሉ፤ አመሰገኑኝም።

ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት በየረቡዑ በርሜሉን እየገፋሁ መንገድ ዳር አቆመዋለሁ። ያን ማታም አቆምኩት። ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ ይንኮሻኮሻሉ። ስመለስ ቀና ብዬ ሳይ ቪልማ መስኮታቸው ላይ ናቸው፤ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ እኔን ሳይሆን በርሜሉን ያያሉ። ደረጃ መውረድ አይችሉም። እጄን አነሳሁላቸው። እሳቸውም አነሱልኝ። ሐሙስ ጠዋት ስመጣ በርሜሉ ባዶውን በጎኑ ወድቆ አገኘሁት።

ሰኔ መጣ። ቪልማ አንድ ቀን ገላቸውን ሲታጠቡ ከመታጠቢያው መጋረጃ ጀርባ ሆነው «የፊታችን ቅዳሜ ማታ ብትቆዪልኝ ደስ ይለኛል፤ ሰዎቼ ይመጣሉ፤ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ነው» አሉኝ። መጡ። ዐሥር ያህል ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ጥቂት ጎልማሶች። የወንዶቹ ሱሪ ከደረታቸው ሥር ይታሰራል፤ ሴቶቹ በቀሚሳቸው ላይ ሰፊ የብር ጌጥ ሰክተዋል። ብዙዎቹ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ናቸው፤ ይሄ በዓል ግን ከቤተ ክርስቲያን በፊት የነበረ፣ የፀሐይ፣ የእሳትና የቅጠል በዓል ነው። አዝሙድ የመሰለ ፍሬ የተነሰነሰበት ክብ አይብ ቆረሱ፣ ቢራ ቀዱ። ለእኔም አቀረቡ፤ የሐዋርያት ጾም ነበርና እንደማልበላ ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ «በዚህ ቀን መጾም! ፀሐይዋ ምን ትልሻለች?» ብለው ቀለዱብኝ። ቪልማ «ተዋት፤ የራሷ ሥርዓት አላት» አሏቸው።

ቪልማን ወንበር ላይ እንዳሉ አራት ሰው ተሸክሞ በደረጃው አወረዳቸው። ባሕሩ ዳር እንጨት ተከምሯል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይ ግን ገና ከውሃው በላይ ቆማለች። አንዷ ሴት አንድ እቅፍ የኦክ ቅጠልና የሜዳ አበባ ቪልማ ጭን ላይ አኖረች። ቪልማ ቅጠሉን አንስተው ሞከሩ፤ ጣቶቻቸው እምቢ አሉ። ሁለተኛ ሞከሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ትችያለሽ?» አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። ምን እንደማደርግ ሳላስብ ጣቶቼ ጀመሩ። ሦስቱን ቅርንጫፍ አንዱን ባንዱ ላይ እያሳለፍኩ፣ አበባውን በመሃል እየሰካሁ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ እያጠፍኩ ስሄድ፣ የማውቀው ሥራ መሆኑ የገባኝ ግማሽ ላይ ስደርስ ነው።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው። በእኛ መንደር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ተሰብስበን መስክ እንወርዳለን፤ እንግጫ የሚባል ሣር እንነቅላለን፤ እየዘፈንን ከአደይ አበባ ጋር እንጎነጉነዋለን። ጠዋት አባትና እናታችን ራስ ላይ እናደርግላቸዋለን፣ የቀረውን ምሰሶው ላይ እናስራለን። እዚያው ይደርቃል። ይረግፋል። ማንም አይነካውም። የመስቀል ለት ወርዶ ደመራው ውስጥ ይጣላል፤ ያለፈው ዓመት ከነጣጣው ከእሱ ጋር ይሄዳል። አንድ ዓመት ከከተማ የመጣች የወንድሜ ሚስት ከመስቀል በፊት ቤት ስትጠርግ እንግጫውን ከምሰሶው ፈትታ ጓሮ፣ ጉድፍ መድፊያው ላይ ጣለችው። እናቴ አልተቆጣቻትም። ቁና ይዛ ወጣች፤ ጉድፉ ላይ ተንበርክካ እያንዳንዷን ሰበዝ ለቀመች፤ በክር አስራ መለሰችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ዓመቱን እኮ ገና አላስረከብነውም» አለችኝ።

ቪልማ እጄን ይመለከታሉ። «ይሄን የት ተማርሽ?» አሉኝ።

«ልጅ ሆኜ።»

«ለምን ትሠሩት ነበር?»

«ለአዲስ ዓመት ነው።»

«ከዚያስ ምን ታደርጉታላችሁ?»

ዋሽቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ለአንድ ጊዜ አልዋሸሁም። «የቤቱ ምሰሶ ላይ እናስረዋለን» አልኩ። «ሲደርቅ፣ በቀኑ፣ እሳት ውስጥ እንጥለዋለን።»

ቪልማ «የእኛም እንዲህ ነው» አሉ። ወደ ውሃው እያዩ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው በማይታወቅ ድምፅ ነገሩኝ። የእነሱም ጉንጉን ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ይቆያል። ረጅሙ ቀን ሲመጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አሮጌው አዲሱ እሳት ውስጥ ይገባል። ወትሮ የሚጎነጉኑት ሴቶች ናቸው። ባለፈው ዓመት ግን የእሳቸው እጅ ስላበጠ ካርሊስ «እኔ እሠራዋለሁ» ብለው፣ ማሰር ስለማይችሉበት ከመሣሪያ ሣጥናቸው የዓሣ ክር አምጥተው፣ ግማሽ ቀን ሲቋጥሩ ዋሉ። «ሰው ሁሉ ሳቀባቸው» አሉ ቪልማ። «በጥቅምት ሞቱ። ያ ጉንጉን እስኪቃጠል ድረስ ያ ዓመት ለእኔ አላለቀም።»

እኔ ቅጠሉን መጎንጎን ቀጠልኩ። ሌላ ምን ይደረጋል።

እሳቱ ተለኮሰ። በየስንኙ መጨረሻ አንድ ቃል እየደጋገሙ ዘፈኑ። የአሮጌ ሰዎች ድምፅ ቀጭን ነው፤ ከባሕሩ ድምፅ ጋር ይሄድ ነበር። ሁሉም አሮጌ ጉንጉናቸውን በወረቀት ከረጢት ይዘው መጥተዋል፤ የቀለዱብኝ ሽማግሌ በፒዛ ካርቶን ነው ያመጡት። አንድ በአንድ እየቀረቡ ጣሉ። ደረቅ ቅጠል ነውና ፏ ይላል። የቪልማ ተራ ሲደርስ ወንበራቸውን አስጠጉላቸው። ቪልማ ባዶ እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ። ሰዎቹ የሚሞቁ መሰላቸው። አንዷ ሴት ትከሻቸው ላይ ሻል ጣል አደረገችላቸው።

ያን ጊዜም አልተናገርኩም። እዚያው፣ ከወንበራቸው ኋላ፣ ክንዴ ላይ የሠራሁትን ጉንጉን አንጠልጥዬ ቆሜ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛም አውቀው ነበር።

ቤት ስንገባ አልጋቸው ላይ አስተኛኋቸው፣ ብርድ ልብሱን አለበስኳቸው። አዲሱን ጉንጉን በጣታቸው ወደ ምስማሩ አመለከቱኝ። ሰቀልኩት። ያንን ነጣ ያለ ክብ ልክ ሸፈነው። ቪልማ አዩት፣ እኔን አዩኝና፣

«ይሄን እንዳታጸጂው» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ፈገግታም አልነበረበትም። «እሺ» አልኩ። በዚያች ቃል ሁሉን ማወቃቸውን አወቅኩ፤ ማወቄንም አወቁ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል አብረን ኖርን። ሬዲዮ ሰሙ፣ ተኮስኩ። በረጅሙ ምሽት ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝናብ እናያለን። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ያልሄድኩበት ቀን ጥቂት ነው። የካቲት ላይ በሳንባ ምች አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ የወንድማቸው ልጅ የቤቱን ዕቃ ሲያወጣ ልረዳ ሄድኩ። እኔ የሠራሁት ጉንጉን ከሌላው ዕቃ ጋር መንገድ ዳር ወጥቷል፤ ከመብራት ቆብና ከአሮጌ ጫማ መሃል። «ይሄን ልውሰደው?» አልኩት። «የፈለግሽውን ውሰጂ» አለኝ። በሥጦታ መጠቅለያ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ከአዲስ አበባ በመጣሁበት ሻንጣ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከቡሪየን ወደ ስካይዌይ ስንዛወር አብሮኝ መጣ። አስቴር ብዙ ጊዜ «እማዬ፣ ይሄን ሻንጣ ለምን አንጥለውም?» ትለኝ ነበር። እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። የሞተ ሰው ዕቃ ዓይኔ ላይ ሲቆም አይሆንልኝም ያልኩት ሴት አልጋዬ ሥር ይዤው ስተኛ ኖርኩ።

ለምን አላቃጠልሽውም ቢባል፣ መጀመሪያ እሳት የማነድበት ቦታ አልነበረኝም። አንድ ዓመት የመስቀል ደመራ ለት በቦርሳዬ ይዤው ሄጃለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ላይ ደመራው ተተክሏል፤ የእሳት አደጋ መኪና በአጠገቡ ቆሟል። ቄሱ ባርከው ለኮሱ። ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። እሳቱ የዚያ ጉንጉን እሳት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ጥሎ ዝም ማለት አይቻልም። የሚነገረው ነገር አብሮ አለ።

እንግዲህ ሊዲያ የራሷን ጉንጉን ሰቅላ፣ እኔ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ «ከአልጋው ሥር ያንን ሻንጣ አውጪልኝ» አልኳት። አወጣች። ወረቀቱን ፈታሁ። ቅጠሉ መልኩን ለቋል፤ ጉንጉኑ ግን አልተፈታም። ሊዲያ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ኋት ኢዝ ኢት?»

«የአንዲት ሴት ነው። ነገ ማታ ቡሪየን ባሕር ዳር ድራይቭ ታደርጊኛለሽ?»

«ነገ? ረጅሙ ቀን ነገ ነው፣ እማማ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ሄድን። የቪልማ ቤት ጋ አልሄድንም፤ ሌላ ሰው ገዝቶ አፍርሶ ሠርቶታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ሕዝብ የሚዝናናበት ባሕር ዳር አለ፤ እሳት የሚፈቀድባቸው የብረት ቀለበቶች አሉት። ሊዲያ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ እንጨት ተሸከመች፤ እኔን ክንዴን ያዘች። አጠገባችን ወጣቶች ሙዚቃ ከፍተው ሥጋ ይጠብሳሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ፀሐይ እንደዚያ ጊዜው ከውሃው በላይ ቆማለች። መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ። ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። ሬዲዮውን ግን አጥፍታ ነው የነዳችው።

እሳቱ ሲይዝ ጉንጉኑን አኖርኩበት። ያን ያህል ዓመት የቆየ ቅጠል ለመቃጠል አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም። ፏ አለና ክብ የእሳት መስመር ሆነ፤ ቀጥሎ ምንም አልነበረም። ይሄ የእኔ እጅ ሥራ ነው። የካርሊስ ከነዓሣ ክሩ የት ጉድጓድ ውስጥ እንደበሰበሰ አላውቅም። ያንን ዓመት ማንም አላቃጠለውም፤ አሁንም አልተቃጠለም። እኔ የማቀርበው ይሄንን ብቻ ነው።

«ቪልማ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት» አልኩ። «ንፋስ አልነበረም።»

«ኋት ዲድ ዩ ሴይ?» አለች ሊዲያ።

«ላንቺ አይደለም።»

እንጨቱን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ «የእኔንም ላምጣው? መኪና ውስጥ ነው» አለችኝ። ሳላያት ከክፍሌ አንስታ ይዛው መጥታ ኖሯል።

«ያንቺ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ዓመቱን ይዋል» አልኳት።

«ሶ፣ ኔክስት ዪር?»

በእኔ ዕድሜ የሚመጣውን ዓመት ቃል አይገቡበትም። ስንመለስ ግን መታጠፊያውን፣ ማቆሚያውን፣ ከላይኛው መንገድ እንዴት እንደሚወረድ ሁለት ጊዜ አሳየኋት። ብቻዋን ብትመጣ እንዳይጠፋባት።

ሰኞ ዕለት አስቴር ቫክዩም ይዛ ክፍሌ ገባች። የሊዲያ ጉንጉን ተመልሶ ምስማሩ ላይ ነው፤ መድረቅ ጀምሯል፤ ሁለት ቅጠል ትራሴ ላይ ወድቋል።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር እየረገፈ ነው። ልጣለው?»

«ይሄን እንዳታጸጂው» አልኳት።

አየችኝ። «ኦኬ» ብላ ወጣች። የቫክዩሙ ድምፅ ከሳሎን በኩል ሲሰማኝ ተነሳሁና ምስማሩን በጣቴ ነቅነቅ አደረግኩት። አጥብቆ ይዟል።